የተጠላለፈ የብረት ሽቦ ወንፊት በፎቶሾፕ ከባዶ መሥራት

ቤታችሁ የዱቄት ወንፊት ወይም መስኮት ላይ የተወጠረ የትንኝ መከላከያ ሽቦ ካለ፣ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሽቦው ግራጫ ይመስላል እንጂ ግራጫ የሆነው ክፍሉ ትንሽ ነው። ጠርዙ ወደ ጥቁር ያደላል። ከወገቡ ትንሽ ወደ ብርሃኑ ምንጭ ጠጋ ብሎ ነጭ ሊባል የሚችል ቀጭን መስመር ይሄዳል። ብርሃን በማያገኘው ጎኑ ደግሞ ከጨለማው አልፎ ደብዘዝ ያለ ነጸብራቅ ጠርዙ ላይ ብቅ ይላል። እያንዳንዱ ሽቦ አንዱን ከላይ ተሻግሮ በሚቀጥለው ሥር ይሾልካል፤ ሲሻገር ያበራል፣ ሲሾልክ ይጨልማል።

በየቦታው የምናየው «የብረት መረብ» አብዛኛው ይህን አያሳይም። የተቆራረጡ ግራጫ መስመሮች ላይ ቤቭል ኤንድ ኢምቦስ (ጠርዝን ከፍ ያለ የሚያስመስለው የፎቶሾፕ ውጤት) ይጫንባቸውና ውጤቱ የፕላስቲክ ሰሌዳ ይመስላል። ከዚህ በታች የምንሠራው አንድ ትንሽ ቁራጭ ነው፤ ተደጋግሞ ሲነጠፍ የፈለጋችሁትን ያህል ስፋት ይሸፍናል። ሥራው ሁሉ ያለው ቁራጩ ላይ ስለሆነ እዚያ ላይ አትቸኩሉ።

የምጠቀመው ፎቶሾፕ ነው፤ የሜኑዎቹን ስም በእንግሊዝኛው ገጽታ ላይ እንደሚነበበው እጽፋለሁ። በጂምፕ የምትሠሩም አካሄዱን መከተል ትችላላችሁ። እዚያ ግራዲየንቱን (ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሸጋገረውን ቀለም) በእጅ መሳብ ይኖርባችኋል እንጂ ልኮቹ አይለወጡም።

መጀመሪያ ልኩ

ቁራጩ 400 በ400 ፒክሰል ይሆናል። የሽቦው ውፍረት 80፣ በሁለት ሽቦዎች መካከል ያለው ቀዳዳ 120፤ ድምሩ 200። ስለዚህ በአንድ ቁራጭ ውስጥ ሁለት ቁም ሽቦዎች (ድር) እና ሁለት አግድም ሽቦዎች (ማግ) ይገባሉ። ከዚህ ማሳነስ አይቻልም፤ አንዱ ከላይ ሌላው ከታች የሚሄድበት ተራው ሽመና በየሁለት ሽቦው ስለሚደጋገም፣ ባለ አንድ ሽቦ ቁራጭ መጠላለፍን ሊያሳይ አይችልም።

ቀዳዳው ከጠቅላላው ስፋት ስንት እጅ እንደሚሆን ማወቅ ከፈለጋችሁ፣ ቀዳዳውን ለቀዳዳና ለሽቦ ድምር አካፍላችሁ ውጤቱን በራሱ አባዙት። 120 ለ200 ሲካፈል 0.6፣ በራሱ ሲባዛ 0.36፤ ማለትም 36 በመቶው ክፍት ነው። ይህ ጠንካራ፣ ወፍራም ወንፊት ነው። የመስኮት ሽቦ መልክ ከፈለጋችሁ ሽቦውን 40፣ ቀዳዳውን 160 አድርጉት፤ ክፍቱ 64 በመቶ ይደርሳል። እውነተኛው የመስኮት ሽቦ «18 በ16» ተብሎ ሲጠራ በአንድ ኢንች ውስጥ በአንዱ አቅጣጫ 18፣ በሌላው 16 ቀዳዳ አለው ማለት ነው፤ ቀዳዳው ፍጹም ካሬ የማይመስለውም ለዚህ ነው።

ማዘጋጀት

«ፋይል» ከዚያ «ኒው»፤ 400 በ400 ፒክሰል፣ አርጂቢ፣ ባክግራውንድ ኮንቴንትስ «ትራንስፓረንት»። ሬዞሉሽኑ ለጊዜው ምንም ለውጥ አያመጣም።

በ«ኤዲት» ሥር «ፕሪፈረንስስ» ውስጥ ገብታችሁ የግሪድ መስመሩን በየ20 ፒክሰል፣ ሰብዲቪዥኑን 1 አድርጉ። ከዚያ በ«ቪው» ሥር «ሾው» ውስጥ ግሪዱን አብሩ፣ «ስናፕ ቱ» ውስጥም ግሪድን ምረጡ። የምንጠቀምባቸው ልኮች ሁሉ ለ20 የሚካፈሉ ስለሆኑ ምርጫችሁ በራሱ ትክክለኛው ቦታ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ነገር ጨምሩ፦ ከሁሉም በታች አንድ ሌየር ከፍታችሁ በደማቅ አረንጓዴ ወይም ቀይ ሙሉት። ፎቶሾፕ ባዶነትን የሚያሳይበት ግራጫና ነጭ ዳማ ራሱ መረብ ስለሚመስል ዓይን ያታልላል፤ ስህተት ተደብቆበት ያልፋል። ይህን ሌየር በኋላ እናጠፋዋለን።

ድርና ማግ

«ሬክታንግል ቱል»ን ያዙ፤ ከላይ ባለው አሞሌ «ሼፕ» መመረጡን፣ «ስትሮክ» ደግሞ መጥፋቱን አረጋግጡ። ካንቫሱ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ክሊክ ስታደርጉ ልኩን የሚጠይቅ ሳጥን ይመጣል፤ ወርድ 80፣ ቁመት 400 ጻፉ። ከዚያ በ«ፕሮፐርቲስ» ፓነል ኤክስን 60፣ ዋይን 0 አድርጉ። ስሙን «ድር 1» በሉት።

ከሌየሩ ስም ጎን ባለው ባዶ ቦታ ላይ ድርብ ክሊክ አድርጋችሁ «ግራዲየንት ኦቨርሌይ»ን ክፈቱ። ስታይል «ሊኒየር»፣ አንግል 0፣ ስኬል 100፣ «አላይን ዊዝ ሌየር» የተመረጠ ይሁን። ግራዲየንቱን ራሱን ክሊክ አድርጉና ስድስት ማቆሚያ (ቀለም የሚሰጥበት ነጥብ) ሥሩለት። ቀለሙን ስትመርጡ ኤች (የቀለሙ ዓይነት) እና ኤስ (የቀለሙ ድምቀት) 0 ሆነው ይቆዩ፤ የምትቀይሩት ቢን፣ ማለትም ብሩህነቱን ብቻ ነው።

በ0 በመቶ ላይ ብሩህነት 10
በ18 ላይ 45
በ34 ላይ 97
በ48 ላይ 60
በ80 ላይ 14
በ100 ላይ 38

ከ18 እስከ 48 ያለው ርቀት አጭር መሆኑን አስተውሉ። ብረት ብረት የሚመስለው ከጨለማ ወደ ብርሃን በፍጥነት ሲዘል ነው፤ ሽግግሩን ዘና ካደረጋችሁት ሽቦው የጎማ ቱቦ ይሆናል። የመጨረሻው ማቆሚያ፣ 38 ያልነው፣ ከጎረቤት ሽቦ ተመልሶ የሚመጣው ነጸብራቅ ነው። ለሙከራ አጥፉትና እዩ፤ ክብነቱ ይቀራል፣ ብረትነቱ ግን ግማሽ በግማሽ ይጠፋል። ይህን ግራዲየንት ስም ሰጥታችሁ በ«ኒው» አስቀምጡት፣ አራቱም ሽቦዎች ይጠቀሙበታል።

ድር 1ን በኮንትሮል+ጄ አባዙትና ኤክስን 260 አድርጉ፤ ድር 2 ሆነ። ለማጎቹ ወርድ 400፣ ቁመት 80 የሆነ አዲስ ሬክታንግል ፍጠሩ፤ ኤክስ 0፣ ዋይ 60። ያስቀመጣችሁትን ግራዲየንት ስጡት፣ አንግሉን ግን ከዜሮ በታች 90 (−90) አድርጉ። ይህቺን ምልክት የሚዘነጋ ብዙ ነው። በ90 ግራዲየንቱ ከታች ስለሚጀምር ድሮቹ ከግራ፣ ማጎቹ ከታች ብርሃን የሚያገኙ ይሆናሉ፤ ተመልካቹ ምን እንደተበላሸ ባያውቅም አንድ ነገር እንደማይገጥም ይሰማዋል። በ−90 ግን ብርሃኑ ለሁሉም ከላይ ግራ ይመጣል። ማግ 1ን አባዝታችሁ ዋይን 260 ስታደርጉ ማግ 2ም ተገኘ።

አሁን አራቱንም ሽቦዎች አንድ በአንድ በቀኝ ክሊክ «ኮንቨርት ቱ ስማርት ኦብጀክት» አድርጓቸው፤ አራቱን አንድ ላይ መርጣችሁ ከለወጣችኋቸው ወደ አንድ ስለሚጠቃለሉ ነው። ይህ ለቅንጦት የተጨመረ ደረጃ እንዳይመስላችሁ። ቀጥለን በሽቦዎቹ ላይ ጥላ የያዙ ሌየሮችን ክሊፕ እናደርጋለን (በሽቦው ቅርጽ ውስጥ ብቻ እንዲታዩ እናስራቸዋለን)፤ ፎቶሾፕ ደግሞ ሌየሩ የያዘውን ግራዲየንት ኦቨርሌይ ክሊፕ ከተደረጉት ሌየሮች በላይ አድርጎ ስለሚቀባው፣ ጥላው ተሠርቶም አይታይም። ስማርት ኦብጀክት ውስጥ ሲገባ ግራዲየንቱ ከሽቦው ጋር ይዋሃዳል፤ መለወጥ ቢያስፈልግ በድርብ ክሊክ ተመልሳችሁ ትገቡበታላችሁ።

ማጠላለፍ

እስካሁን ማጎቹ በሁሉም መገናኛዎች ላይ ከድሮቹ በላይ ናቸው። በሁለቱ መገናኛዎች ላይ ይህን መገልበጥ አለብን። ሁለቱን ማጎች መርጣችሁ በኮንትሮል+ጂ በአንድ ግሩፕ ውስጥ አስገቧቸው፤ ግሩፑ ከድሮቹ በላይ ይሁን። በሌየር ፓነሉ ግርጌ ባለው ምልክት ለግሩፑ ማስክ ጨምሩለት።

ማስኩ እንደተመረጠ «ሬክታንጉላር ማርኪ»ን ያዙና ከ60፣ 60 ጀምራችሁ እስከ 140፣ 140 ምረጡ። ሺፍትን ተጭናችሁ ሁለተኛውን ከ260፣ 260 እስከ 340፣ 340 ጨምሩ። «ኤዲት»፣ «ፊል»፣ ኮንቴንትስ «ብላክ»፤ ከዚያ ኮንትሮል+ዲ። በተደፈኑት ሁለት ካሬዎች ማጎቹ ይሰወሩና ድሮቹ ከሥር ብቅ ይላሉ። አንዱን ሽቦ በዓይናችሁ ተከተሉት፦ አንድ ጊዜ ከላይ፣ አንድ ጊዜ ከታች መሄድ አለበት። በሁለቱም መገናኛዎች ከላይ ከሆነ ማስኩ የተደፈነው በሰያፍ ሳይሆን በአንድ መስመር በተደረደሩ ካሬዎች ላይ ነው።

ጥላውና ነጸብራቁ

እዚህ ጋ ነው ሥዕሉ ከጠፍጣፋነት የሚወጣው። ከቀጥታ በላይ ለሚመለከት ሰው የወንፊት ሽቦ ጠርዙ ቀጥ ያለ ነው፤ መታጠፉን የሚናገረው ብርሃን ብቻ ነው። ስለዚህ ሽቦውን በ«ዋርፕ» ለማጣመም አትድከሙ።

ከድር 1 በላይ አዲስ ሌየር ክፈቱ፣ በኮንትሮል+አልት+ጂ ክሊፕ አድርጉት፣ ብሌንድ ሞዱን «መልቲፕላይ» አድርጉ። ብሩሽ ያዙ፦ ለስላሳ ክብ፣ ሃርድነስ 0፣ መጠን 150፣ ቀለም ጥቁር፣ ኦፓሲቲ 70። ሽቦው በሚሾልክበት መገናኛ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ክሊክ አድርጉ። ለድር 1 ይህ ነጥብ ኤክስ 100፣ ዋይ 300 ነው፤ ግሪዱ ላይ መስመሮች በትክክል የሚቋረጡበት ስለሆነ በቀላሉ ይገኛል። የጥቁሩን መሃል ከላይ የሚያልፈው ማግ ይሸፍነዋል። የሚቀረው ግራና ቀኝ ሳይሆን ላይና ታች የተረፈው ለስላሳ ጠርዝ ነው፤ እሱ ነው ሽቦው ወደ ሥር እየገባ መሆኑን የሚያሳየው።

በሌሎቹም እንዲሁ፦ ድር 2 በ300፣ 100፤ ማግ 1 በ100፣ 100፤ ማግ 2 በ300፣ 300። የማጎቹ ጥላ ሌየሮች በግሩፑ ውስጥ፣ እያንዳንዱ ከራሱ ማግ በላይ መሆን አለባቸው።

ቀጥሎ ነጸብራቁ። በእያንዳንዱ ሽቦ ላይ ሁለተኛ ክሊፕ የተደረገ ሌየር ጨምሩ፣ ሞዱ «ኦቨርሌይ»፣ ብሩሹ ነጭ፣ መጠኑ 90፣ ኦፓሲቲው 50። አሁን ክሊክ የምታደርጉት ሽቦው ከላይ በሚያልፍበት ነው፦ ድር 1 በ100፣ 100፤ ድር 2 በ300፣ 300፤ ማግ 1 በ300፣ 100፤ ማግ 2 በ100፣ 300። ኦቨርሌይ ጥቁሩን ብዙም ሳይነካ የነበረውን ብርሃን ስለሚያጎላ የሽቦው ክብነት አይጠፋም።

እስካሁን ጥላው በሁለቱም ወገን እኩል ነው። ብርሃኑ ከላይ ግራ ስለሚመጣ ግን የላይኛው ሽቦ ጥላውን የሚጥለው ወደ ቀኝና ወደ ታች ነው። ስናፑን አጥፉና «ሙቭ ቱል»ን ይዛችሁ፣ በቀስት ቁልፎች የማጎቹን ጥላ ወደ ቀኝ፣ የድሮቹን ወደ ታች ከ6 እስከ 8 ፒክሰል ግፉት። ትንሽ ነገር ናት፤ ልዩነቱን ግን ከሩቅ ታዩታላችሁ።

ለስላሳ ብሩሽ ከሚታየው ክብ ትንሽ አልፎ ስለሚሰራጭ፣ ጥቁሩም ሆነ ነጩ የካንቫሱን ጠርዝ እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ከነካ ቁራጩ ሲደጋገም በየ400 ፒክሰሉ የተቆረጠ ጥላ ይታያል። ጥርጣሬ ካላችሁ ብሩሹን ወደ 130 አሳንሱት።

መፈተንና ፓተርን ማድረግ

ባለቀለሙን የታችኛውን ሌየር አጥፉ። የ2021 ሥሪትና ከዚያ በኋላ ያለው ፎቶሾፕ ካላችሁ «ቪው» ውስጥ «ፓተርን ፕሪቪው»ን አብርታችሁ ዙሙን አሳንሱ፤ ቁራጩ ማለቂያ የሌለው ሆኖ ይዘረጋል። መጋጠሚያው ላይ መስመር ካያችሁ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው፦ ወይ አንዱ ሽቦ እስከ ጠርዙ አልደረሰም፣ ወይ ብሩሹ ጠርዙን ተሻግሯል። ፋይሉን በፒኤስዲ አስቀምጡና «ኤዲት»፣ «ዲፋይን ፓተርን» ብላችሁ ስም ስጡት።

ይህ ትልቁ ፓተርን ነው። ለስክሪን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አሥር እጅ ያነሰው ያስፈልጋል። ቁራጩን በቀጥታ ወደ 40 በ40 ማሳነስ ያጓጓል፣ ግን አታድርጉት። ፎቶሾፕ ሲያሳንስ እያንዳንዱን ፒክሰል ከጎረቤቶቹ ነው የሚያሰላው፤ በካንቫሱ ጠርዝ ላይ ደግሞ ጎረቤቱ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሆነ መጋጠሚያው ይበላሻል። ይልቁንስ 1200 በ1200 የሆነ ባዶ ፋይል ክፈቱ፣ በ«ፊል» ፓተርኑን ሙሉበት፤ ሦስት በሦስት ይነጠፋል። በ«ኢሜጅ ሳይዝ» ወደ 120 በ120 አውርዱት፣ «ባይኪዩቢክ ሻርፐር»ን መርጣችሁ። ከዚያ ከመሃል፣ ከ40፣ 40 ጀምሮ 40 በ40 ካሬ ምረጡና እንደገና ዲፋይን ፓተርን። «ፌዘር» 0 መሆኑን እዩ፤ ካልሆነ ትእዛዙ አይሠራም።

ሙሉ ገጹ

1920 በ1080 ፋይል ክፈቱ። ትንሹ ቁራጭ በወርዱ 48፣ በቁመቱ 27 ጊዜ ልክ ይገባል፤ ምንም ትርፍ አይቀርም።

ከታች ያለውን ሌየር በድፍን ጥቁር አትሙሉት። ብሩህነቱ 7 አካባቢ የሆነ ጥቁር ይሻላል። ከዚያ በላይ «ሌየር»፣ «ኒው ፊል ሌየር»፣ «ፓተርን»፤ ስኬሉ 100 ላይ ይቆይ። በዚሁ ሌየር ላይ «ድሮፕ ሻዶው»፦ አንግል 135፣ ዲስታንስ 5፣ ሳይዝ 6፣ ኦፓሲቲ 65። በእነዚህ ቁጥሮች ከወንፊቱ በስተኋላ ያለው ነገር ቅርብ ይመስላል። ዲስታንሱንና ሳይዙን አብራችሁ ስትጨምሩ ወደ ኋላ ይርቃል። ከተቻለ ከኋላው አንድ ነገር አኑሩ፦ በ«ጎሲያን ብለር» የደበዘዘ የድምፅ ማጉያ ፎቶ፣ ወይም ከአንድ ጥግ የሚፈካ የብርቱካን ብርሃን። ማሳለፉ የማይታይ ወንፊት ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ነው።

አሁን የሚቀረው እኩልነቱን መስበር ነው። እያንዳንዱ ካሬ ከጎረቤቱ ጋር አንድ ዓይነት ስለሆነ ገጹ ገና የተባዛ ይመስላል። ከነጭ ወደ ጥቁር የሚሄድ ግራዲየንት ፊል ሌየር በሰያፍ ጨምሩ፣ ወንፊቱ ላይ ክሊፕ አድርጉት፣ ሞዱ «ሶፍት ላይት»፣ ኦፓሲቲው 60። በላዩ «ከርቭስ» ጨምራችሁ ጨለማውን ዝቅ፣ ብርሃኑን ከፍ አድርጉ። በዚህ ልክ የጭረት ወይም የኖይዝ ውጤት አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ ሽቦው 8 ፒክሰል ብቻ ስለሆነ ጭረቱ ቆሻሻ ሆኖ ነው የሚታየው።

ናስ ወይም መዳብ ለማድረግ በአንድ ቀለም ማልበስ አይበቃም። ፕላስቲክና ቀለም የተቀባ ዕቃ ነጸብራቃቸው ነጭ ነው፤ ወርቅ፣ ናስና መዳብ ግን ነጸብራቃቸውም በራሳቸው ቀለም የተነከረ ነው። ስለዚህ «ግራዲየንት ማፕ» ተጠቀሙ፦ ለናስ በጨለማው ጫፍ ጥቁር ቡና፣ በመሃል ኤች 40፣ ኤስ 65፣ ቢ 65፣ በብርሃኑ ጫፍ ነጭ ሳይሆን ኤች 46፣ ኤስ 30፣ ቢ 98። ለመዳብ ኤቹን ወደ 18 አውርዱ። ብረትና አይዝጌ ብረት ግን እንዳሉ ቢቀሩ ወይም ሰማያዊ ቢሸታቸው ይበቃል።

ሥራችሁን ሁልጊዜ በ100 በመቶ ዙም (ኮንትሮል+1) ፍረዱት። በ67 ወይም በ33 በመቶ ስታዩት በላዩ ላይ ሞገድ የሚመስሉ ሰፋፊ መስመሮች ይመጣሉ፤ የስክሪኑ ፒክሰልና የወንፊቱ ድግግሞሽ ስላልተጣጣሙ እንጂ ፋይሉ ስለተበላሸ አይደለም። ምስሉን በኋላ ሌላ ሰው ሲያሳንሰው ግን ሞገዱ እውነት ሆኖ ስለሚቀር፣ በሚታይበት ልክ ሠርታችሁ በፒኤንጂ አውጡት። ለኅትመት በ300 ዲፒአይ ሲሆን ትንሹ ቁራጭ ከሽቦ ወደ ሽቦ 1.7 ሚሊሜትር ያህል ይሰጣል፤ ለመጽሔት ገጽ ይሆናል። ከሩቅ ለሚታይ ባነር በትልቁ ቁራጭ ሥሩ።

ከሽቦ ይልቅ የተበሳ ላሜራ ከፈለጋችሁ

የድምፅ ማጉያና የማይክሮዌቭ በር ላይ ያለው ሽቦ ሳይሆን ቀዳዳዎቹ እየተፈራረቁ የተበሱበት ላሜራ ነው። እዚህ ቁራጩ ካሬ አይሆንም። ቀዳዳዎቹ በ60 ዲግሪ ስለሚደረደሩ ቁመቱ የወርዱ 1.732 እጥፍ መሆን አለበት፤ 300 በ520 በጣም የተጠጋ ልክ ነው። በመሃሉ 200 ፒክሰል ዲያሜትር ያለው ክብ በራሱ ሌየር ላይ አኑሩ፣ ሌየሩን ራስተራይዝ አድርጋችሁ አባዙት፣ ቅጂውን በ«ፊልተር»፣ «አዘር»፣ «ኦፍሴት» 150 ወደ ጎን፣ 260 ወደ ታች «ራፕ አራውንድ» አድርጉት። ክቡ አራት ተከፍሎ ማዕዘኖቹ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱን ክብ ሌየሮች አዋህዱ፣ በድንክዬው ላይ ኮንትሮል ይዛችሁ ክሊክ በማድረግ ወደ ምርጫ ለውጧቸው፣ በግራጫ ከተሞላው ሌየር ላይ ዲሊት አድርጉ፣ የክቦቹን ሌየርም አጥፉ። ላሜራው 40 በመቶ ክፍት ይሆናል። ቤቭል ኤንድ ኢምቦስ ለዚህኛው ይሠራል፣ ጠፍጣፋ ብረት የተቆረጠ ጠርዝ ስላለው፤ ግን ቁራጩ ላይ ሳይሆን ከተነጠፈ በኋላ ሙሉው ገጽ ላይ ጨምሩት፣ አለበለዚያ የካንቫሱን ጠርዝ እንደ ቀዳዳ ቆጥሮ ያጎላዋል።